ጥንታዊ የሚመስለው የጃፓን የከበሮ ቡድን ገና የ70 ምናምን ዓመት ዕድሜ ነው ያለው፤ የአሜሪካ ተማሪዎችስ ለምን ያዙት?

ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ስታገላብጡ ሳታዩት አትቀሩም። አጭር ካፖርት መሳይ የለበሱ፣ ግንባራቸውን በጨርቅ ያሰሩ አሥር አሥራ አምስት ወጣቶች በርሜል የሚያካክሉ ከበሮዎች ፊት ተደርድረው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ዝቅ ብለው ቆመው፣ ክንዳቸውን ሽቅብ ዘርግተው ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይመታሉ። መሀል ላይ አንዷ «ሃ!» ብላ ትጮኻለች። ድምፁ በስልክ እንኳ ደረት ይነካል። ይሄ ነገር «ታይኮ» ይባላል።

ብዙ ሰው ሲያየው የሺህ ዓመት ሥርዓት ነው ብሎ ያስባል። ከበሮው ራሱ እውነትም የጥንት ነው። እንዲህ በቡድን ሆኖ መድረክ ላይ መምታት ግን የተጀመረው በ1951 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከብዙዎቻችን አያቶች ዕድሜ ያንሳል ማለት ነው። ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ከገባ በኋላ ደግሞ የሰፈር ልጆችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የያዙት ሙዚቃው ስለጣማቸው ብቻ አይደለም። አንድ ለአርባ ዓመት ያህል ዝም ያለ ማኅበረሰብ ነበር፤ ልጆቹ ዝምታው ሰለቻቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህንን ነው።

እስኪ ከመነሻው እንጀምር። «ታይኮ» በጃፓንኛ በቀላሉ ከበሮ ማለት ነው። በሺንቶ መቅደስና በቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ በመንደር በዓል፣ በኖና በካቡኪ ቴአትር ለዘመናት ሲመታ ኖሯል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አጃቢ ነበር፤ ዋናው ነገር ጭፈራው፣ ጸሎቱ ወይም ትወናው ነው።

ይህን የቀየረው ሰው ዳይሃቺ ኦጉቺ ይባላል። ናጋኖ ውስጥ ሱዋ የሚባል አካባቢ ሰው ነው፤ ሥራው ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ የጃዝ ድራም መምታት ነበር። አንድ ቀን የአካባቢውን መቅደስ የድሮ የከበሮ ምት የያዘ ጽሑፍ እጁ ገባ፤ እስኪ አንብበህ ተርጉምልን ተባለ። ኦጉቺ ምቱን አወጣው። አውጥቶ ሲጫወተው ግን ለጃዝ ጆሮው ቀጠነበት። «የጃዝ ድራም እኮ ትልቅም ትንሽም፣ ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ አንድ ላይ አለው፤ ታዲያ ይሄስ ለምን አንድ ብቻውን?» ዓይነት ሐሳብ መጣለት። አንድ ሰው ዙሪያውን የሚመታውን የድራም ስብስብ በትኖ ለብዙ ሰው አከፋፈለው። ትንሿ ባለ ቀጭን ድምፅ ከበሮ ምቱን ትጠብቃለች፤ መካከለኛዎቹ ዜማውን ይይዛሉ፤ ትልቁ ከሥር ያጉረመርማል። ኦሱዋ ዳይኮ የተባለው ቡድኑ በ1951 ተመሠረተ። ስልቱ «ኩሚ ዳይኮ» ተባለ፤ የተሰባሰበ ከበሮ እንደማለት ነው።

ስለዚህ የጥንት መቅደስ ምት እና የምሽት ክበብ ጃዝ አንድ ላይ ተጋብተው ነው ይሄ የወጣው። እኛ ይሄን ስናነብ ደስ ነው ያለን። «ባህላችን ተበረዘ» የሚል ሰው ያኔ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚታየው ቪዲዮ ባልኖረ!

አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጊዜ ታይኮም ለውጭ እንግዶች ቀርቦ ነበር። ከማራቶን ጋር ያለው ነገር በዚህ አያበቃም። በ1969 ሳዶ በምትባል ደሴት ላይ ኦንዴኮዛ የሚባል ቡድን ተቋቋመ። የከተማ ኑሮና የዘመኑ ነገር ያልጣማቸው ወጣቶች ናቸው፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ረጅም መንገድ ይሮጣሉ፣ ከዚያ ከበሮ። በ1975 ቦስተን ሄደው ማራቶኑን ሮጡና መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ከበሮ መቱ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ መቀመጥ ነው እንጂ ከበሮ መምታት! ዓለም ያወቃቸው ያኔ ነው። በኋላ አብዛኞቹ አባላት ተለይተው ኮዶ የተባለውን ቡድን መሠረቱ፤ እሱም በ1981 በርሊን ላይ ታየና እስካሁን ዓለምን እየዞረ ነው።

እነዚህ ግን ሙያተኞች ናቸው፤ የኛ ነገር ወደ ሰፈር ቡድኖቹ ነው።

ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ 1942ን ማወቅ ያስፈልጋል። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ከሁለት ወር ግድም በኋላ፣ የካቲት 19 ቀን 1942 በነሱ አቆጣጠር፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቁጥር 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ መነሻነት በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተለቅመው በረሃና ረግረግ ውስጥ ወደተሠሩ 10 ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። ከመካከላቸው ሁለት ሦስተኛው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በእጃቸው ሊሸከሙት የሚችሉትን ብቻ ነው የያዙት። ካምፑ እስኪደርስ ድረስ በፈረስ ጋጥ ውስጥ ያደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው የሳንታ አኒታ የፈረስ መወዳደሪያ ለዚህ አገልግሏል። ፍርድ ቤት የለ፣ ክስ የለ።

ከጦርነቱ በኋላ ተመለሱ። ሱቁ የለም፣ እርሻው በሌላ ተይዟል። እና ዝም አሉ። ጃፓኖች «ሺካታ ጋ ናይ» የሚሉት አባባል አላቸው፤ እኛ «ምን ይደረጋል» እንደምንለው ነው። «ጋማን» የሚሉም አላቸው፤ ጥርስን ነክሶ መቻል። ወላጆች ለልጆቻቸው ስለ ካምፑ አላወሩም። ጃፓንኛ እንዳይናገሩ፣ ጎልተው እንዳይታዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ እንዳያደርጉ አሳደጓቸው። ጎልቶ መታየት ምን እንደሚያመጣ አይተዋላ! ስደት ላይ ልጅ ያሳደገ ተከታታያችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እነዚህ ልጆች «ሳንሴይ» ይባላሉ፤ ሦስተኛ ትውልድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮሌጅ ሲገቡ ዙሪያቸው ተቀጣጥሏል። የጥቁሮች የመብት ትግል፣ የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ፣ የተማሪዎች አድማ። ሌላው ሁሉ «እኔ ማነኝ» ሲል እነሱም ጠየቁ። ቤት ሲሄዱ መልስ የለም፤ ዝምታ ነው።

ከበሮው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሴይቺ ታናካ የሚባል ከጃፓን የመጣ ወጣት በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ የጃፓኖች ሰፈር ውስጥ የቼሪ አበባ በዓል ሊያይ ሄደ። በዓሉ ከበሮ የለውም። በዓል ያለ ከበሮ? ገረመው። ከበሮ ተውሶ፣ ሰው ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ሳን ፍራንሲስኮ ታይኮ ዶጆ የሚባለው ትምህርት ቤት የተወለደው እንዲህ ነው። ታናካ የኦጉቺን ቡድን ጨምሮ ጃፓን ካሉ ቡድኖች የተማረውን ነው ያመጣው፤ ሥልጠናውም እንደ ካራቴ ነው፤ ሩጫ አለው፣ ፑሽ አፕ አለው፣ ለአሠልጣኙ መስገድ አለው።

በቀጣዩ ዓመት፣ 1969፣ ሎስ አንጀለስ ሴንሺን የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ኦቦን የሚባል የበጋ በዓል አላቸው፤ የሞቱ ዘመዶች የሚታሰቡበት፣ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ የሚጨፍርበት። በዓሉ አልቆ ከበሮውን ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲሉ ጥቂት ወጣቶች መምታት ጀመሩ። አላቆሙም። ሰዓታት አለፉ፣ እጃቸው ተላላጠ። ከዚያ «ለምን ቡድን አናደርገውም?» አሉ። ኪናራ ታይኮ ሆነ። እነዚህ አሠልጣኝ የላቸውም፤ ጃፓን ሄዶ የተማረም የለም። ቤተ መቅደሱን ይመሩ የነበሩት ቄስ ማሳኦ ኮዳኒ አብረው ይመቱ ነበር፤ ዓላማው «እዩኝ እዩኝ» ማለት ሳይሆን ራስን መርሳት ነው የሚል ነገር አስገቡበት። በ1973 ደግሞ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ሌላ ቡድን ተወለደ፤ ሳን ሆዜ ታይኮ። ውሳኔ በጋራ፣ ጽዳት በጋራ፣ ምት ከጃዝም ከላቲንም ከአፍሪካም የሚወስዱ ናቸው። «እኛ ጃፓን አይደለንም፤ ጃፓናዊ አሜሪካውያን ነን፤ ከበሯችንም እንደኛ ይሁን» ዓይነት ነገር ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ፤ ምክንያቱም ለኛ የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል እዚህ ነው።

ጃፓን ውስጥ ደህና የሚባለው ከበሮ «ኬያኪ» ከሚባል ዛፍ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል። ግንዱ ዓመታት ይደርቃል፣ ከዚያ የከብት ቆዳ ይለበሳል። ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ትልልቆቹማ የመኪና ዋጋ ያወጣሉ። ተማሪና የሰፈር ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ካሊፎርኒያ ግን አንድ ነገር ሞልቷታል፤ ወይን ጠጅ። ወይን ጠጅ ባለበት ደግሞ ያረጀ የእንጨት በርሜል አለ፤ በርካሽ ይሸጣል።

በርሜሉን ያመጡታል። እንጨቶቹን በሙጫ ያጣብቃሉ፣ ብረቱን ያወልቃሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት ይውላሉ፤ መጀመሪያ አካባቢ ግቢው በሙሉ ወይን ወይን ይሸታል። ቆዳው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል። ከዚያ አፉ ላይ ይደረግና ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል። ለመወጠሪያው የሚጠቀሙት የመኪና ክሪክ ነው! አዎ፣ ጎማ ስንቀይር መኪና የምናነሳበት ክሪክ። ከሥር በክሪክ እያነሱ፣ ከላይ ሰው ቆዳው ላይ ወጥቶ ይረግጠዋል፣ ይዘላል፣ እንደገና በክሪክ ይጠበቃል። ድምፁ ልክ ሲመጣ ዙሪያው በረድፍ በምስማር ይመታል። ቆዳው ሲደርቅ የተረፈው ይቆረጣል። አንድ ከበሮ ለመጨረስ ብዙ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል።

ይሄ ዘዴ ከቡድን ወደ ቡድን ተላለፈ። ማንም የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም፤ የጠየቀ ሁሉ ተነገረው። ዛሬ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታይኮ ቡድኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የጀመሩት በወይን በርሜል ነው። በርሜሉ ባይኖር ኖሮ ታይኮ የሀብታም መጫወቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብለን እናምናለን።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የገባው ትንሽ ዘግይቶ ነው። በ1990 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ኪዮዶ ታይኮ ተመሠረተ፤ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የኮሌጅ ቡድን እሱ ነው። በ1992 ስታንፎርድ ተከተለ። በ1995 የተማሪ ቡድኖች የሚገናኙበት ዓመታዊ ዝግጅት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ተዳርሷል።

የተማሪ ቡድን ከሌላው የሚለይበት አንድ ከባድ ነገር አለ። ሰው አይቆይም። አንድ ልጅ ገብቶ ምቱን እስኪለምድ አንድ ዓመት፣ ደህና እስኪሆን ሁለት፣ ማስተማር ሲጀምር ሦስት፣ ከዚያ ይመረቅና ይሄዳል። በአራት ዓመት ውስጥ ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ሌላ ሰው ነው። ቋሚ አሠልጣኝ አብዛኞቹ የላቸውም። ታዲያ እንዴት ይቀጥላል?

የሚቀጥለው በአፍ ነው። ታይኮ ሲማሩ ኖታ ከማየት በፊት ምቱን በአፍ ይናገሩታል። «ዶን» ሲሉ መሀሉን አንድ ጠንካራ ምት። «ዶኮ» ሁለት ፈጣን ምት። «ካ» በዱላው የከበሮውን ጠርዝ። «ካራ» ጠርዙን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ። «ሱ» ደግሞ ዝምታ፤ ዝምታውም እንደ ምት ይቆጠራል፣ ስም አለው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሥራ በአፍ ሊነገር ይችላል፤ «ዶን፣ ዶኮ፣ ዶን፣ ካካ» እያሉ በእግር እየሄዱ፣ ምሳ እየበሉ ይለማመዱታል። በአፉ ያላለው በእጁ አይመታውም ይባላል። ቅኔ ቤት ወይም ዜማ ቤት ያለፈ ሰው ይህ የማስተማር መንገድ አይገርመውም።

ጀማሪ ደግሞ ከበሮ አይሰጠውም፤ ጎማ ነው የሚሰጠው። አሮጌ የመኪና ጎማ አፉ ላይ ፕላስተር በደንብ ተወጥሮ ይጠቀለልበትና በእሱ ይለማመዳል። ርካሽ ነው፣ ቢሳሳት ቆዳ አይቀድም፣ ጎረቤትም አይጮኽም። ጎረቤት ስንል ቀልድ አይደለም፤ የተማሪ ታይኮ ቡድን ትልቁ ጠላት ድምፁ ነው። ቤተ መጻሕፍት አጠገብ አይሆንም፣ መኝታ አጠገብ አይሆንም፣ ክፍል ባለበት ሰዓት አይሆንም። ብዙዎቹ የሚለማመዱት ማታ ሰው ከሄደ በኋላ ወይም መኪና ማቆሚያ ሥር ነው። ከበሮውን ማስቀመጫ ሌላ ጣጣ፤ ማጓጓዝ ሌላ ጣጣ። አንድ ትርኢት ለማሳየት ግማሽ ቀን ዕቃ ማውጣትና ማውረድ አለ። መዳፍ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይቆስላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ነገ ጠዋት የኬሚስትሪ ፈተና ያለበት ልጅ ነው።

እና ለምን? ይሄን ጥያቄ ለመመለስ ማንዛናር መሄድ አለብን።

ማንዛናር ከሎስ አንጀለስ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራራ ሥር ያለ ደረቅ ሜዳ ነው። ከአሥሩ ማጎሪያ ካምፖች አንዱ እዚህ ነበር፤ በአንድ ወቅት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ታጉሮበታል። መቃብሩ ቦታ ላይ እስረኞቹ ራሳቸው በ1943 ያቆሙት ነጭ ሐውልት እስከዛሬ አለ። ከ1969 ጀምሮ ሰዎች ወደዚያ ይጓዛሉ፤ አሁን ጉዞው በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚያ ካምፕ በልጅነታቸው የነበሩ አዛውንቶች፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ይመጣሉ። ከ2001 በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ሙስሊሞችም አብረው መምጣት ጀምረዋል፤ «ነገ እኛ እንሆናለን» የሚለውን ፍርሃት ያውቁታልና።

በዚያ ሜዳ ላይ ፕሮግራሙን በከበሮ የሚከፍቱት ኪዮዶ ታይኮ ናቸው። ተማሪዎቹ። ነፋሱ አቧራ እያነሳ ይመታል፤ እነሱም ይመታሉ። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ «ሃ!» ብላ ስትጮህ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሰዎች በእሷ ዕድሜ ወይም ከዚያ በታች ሳሉ እዚሁ ቦታ ላይ እንዳይሰሙ ሆነው የታጠሩ ናቸው። መድረክ ላይ እንደ ትርኢት የሚታየው ነገር እዚያ ትርኢት አይደለም።

ታይኮ ብቻውን ፍትሕ አመጣ ማለታችን አይደለም። ያመጡት የተናገሩት ሰዎች ናቸው። በ1981 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን የሕዝብ ምስክርነት መስማት ሲጀምር ከ750 በላይ ሰዎች ቀርበው መሰከሩ፤ ብዙዎቹ ለልጆቻቸው እንኳ ነግረው የማያውቁትን አደባባይ ላይ አወጡ። በ1988 መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሳ ተወሰነ። ግን ልጆች አደባባይ ወጥተው ከበሮ በመቱበትና ወላጆች አፋቸውን በከፈቱበት ዘመን መካከል ዝምድና የለም ማለትም ይከብዳል። «ድምፅህን አታሰማ» ተብሎ ያደገ ልጅ ድምፁ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ መሣሪያ መምረጡ በአጋጣሚ አይመስለንም።

ሌላው ገራሚ ነገር ሴቶቹ ናቸው። ጃፓን ውስጥ በበዓል ከበሮ መምታት በብዛት የወንዶች ነበር። ሰሜን አሜሪካ ሲገባ ተገለበጠ፤ ዛሬ አብዛኛው መቺ ሴት ነው። ቫንኩቨር ካናዳ ውስጥ በ1990 የተመሠረተው ሳዋጊ ታይኮ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ ሴቶች ብቻ ናቸው። የእስያ ሴት ዝምተኛ፣ ልስልስ፣ ታዛዥ ናት የሚለው የፊልም ሥዕል አንድ የታይኮ ቡድን አጠገብ አምስት ደቂቃ አይቆምም።

ውዝግብ የለውም ወይ? አለው እንጂ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጃፓን አንድ ታዋቂ ቡድን የአሜሪካ ቡድኖች የእሱን ሥራዎችና አጨዋወት ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀሙ ጠየቀ። አሜሪካ ያሉት ደነገጡ፤ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበሉትን ነገር «የሕዝብ» ነበር የመሰላቸው። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው ባዮች ነን። ነገሩ የጥንት ቢሆን ኖሮ ባለቤት አይኖረውም፤ ግን እንዳልነው አዲስ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ የፈጠረው ሰው ስም አለው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድኖች ሲጫወቱ የማን ሥራ እንደሆነ መናገርን፣ ፈቃድ መጠየቅን ልማድ አድርገዋል። የተማሪ ቡድኖች ደግሞ የራሳቸውን ሥራ መድረስ ላይ በረቱ።

«ጃፓናዊ ያልሆነ ሰው መምታት ይችላል ወይ?» የሚለውም ይነሳል። በተግባር መልሱ ተሰጥቷል፤ በተማሪ ቡድኖች ውስጥ ሁሉም ዓይነት ልጅ አለ። በደንብ የሚሠሩት ቡድኖች ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ አዲስ ገቢውን ዱላ ከማስያዛቸው ጋር የ1942ንም ታሪክ ያስተምሩታል።

ሳንነግራችሁ የማናልፈው አንድ ነገር ይቀራል፤ ቆዳው። ከበሮ ያለ ቆዳ የለም፤ ቆዳ ያለ ፋቂ የለም። እኛ ሀገር «ፋቂ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ እንደኖረ ሁሉ ጃፓንም ቆዳ የሚሠሩ ሰዎችን «ቡራኩ» ብላ ለይታ፣ በተለየ መንደር አስቀምጣ፣ ጋብቻ ከልክላ፣ ለዘመናት ስትንቅ ኖራለች። በ1871 በአዋጅ እኩል ተባሉ፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም። አስቡት፤ የመቅደሱን ቅዱስ ከበሮ የሚሠሩት እነሱ፣ ርኩስ የሚባሉትም እነሱ። መሥራት እንጂ መምታት የነሱ አልነበረም። በ1987 ኦሳካ ከተማ ናኒዋ በሚባለው የከበሮ ሠሪዎች ሰፈር ያሉ ወጣቶች «እኛ በሠራነው ከበሮ እኛም እንመታለን» አሉና ቡድን መሠረቱ። ስሙን «ኢካሪ» አሉት። ቁጣ ማለት ነው። እስከዛሬ ስለ ሰብአዊ መብት እየተናገሩ ይመታሉ። በሎስ አንጀለስም በኦሳካም ከበሮውን ያነሱት ዝም በሉ የተባሉ ሰዎች ልጆች መሆናቸውን ስናይ፣ ታሪኩ የሙዚቃ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

በአካል ማየት ለምትፈልጉ፣ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ ተከታታዮቻችን፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ በፀደይ የቼሪ አበባ በዓል ሰሞን የጃፓን የጎዳና ፌስቲቫል ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሳን ፍራንሲስኮም ሚያዝያ ላይ የራሷ የቼሪ አበባ በዓል አላት። ሳን ሆዜ ያላችሁ ደግሞ ሐምሌ ላይ የጃፓኖች ሰፈር የሚደረገውን የኦቦን በዓል ጠብቁ፤ ጭፈራው ክብ ስለሆነ እንግዳም ገብቶ ይጨፍራል። ሎስ አንጀለስ ነሐሴ ላይ ኒሴይ ዊክ የሚባል አላት። የኦቦን በዓላት መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ሕፃን ልጅ ከያዛችሁ ጆሮውን መሸፈኛ አትርሱ፤ ከፊት ረድፍ በእውነት ያደነቁራል። ስታዩ ደግሞ ዓይናችሁን ትልቁ ከበሮ ላይ ብቻ አትጣሉ። ከኋላ ወይም ጥግ ላይ ትንሿን «ሺሜ» የምትባለውን ከበሮ የሚመታውን ልጅ ፈልጉ፤ ብዙም አይዘልም፣ አይጮኽም፣ «ዶን-ዶኮ ዶን-ዶኮ» እያለ ምቱን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ አሥራ አራቱም አብረው ነው የሚሳሳቱት።